በፕላን ላይ አረንጓዴ የተቀባ መሬት፤ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ሦስት ደብዳቤዎችን እናስተናግዳለን። ሁለቱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከሐረር የተጻፉ ሲሆኑ ሦስቱም የሚያጠነጥኑት በከተማ አስተዳደር ውስጥ መናፈሻዎችንና ጥብቅ ሥፍራዎችን በማቀድ ሥራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሌሎቹን ለመረዳት መሠረት ስለሚሆን ሰፋ ያለ መልስ ሰጥተንበታል።

ጥያቄ፦

«በድሬዳዋ የሳቢያን አካባቢ ነዋሪ ነኝ። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ በአስተዳደሩ ውስጥ የመናፈሻና የአረንጓዴ ሥፍራ ዕቅድ ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ። የተማርኩት ስለ አፈር፣ ስለ ዛፍና ስለ ተፋሰስ ነው፤ ጠረጴዛዬ ላይ የጠበቀኝ ግን ካርታ፣ የይዞታ ፋይል፣ የበጀት ቅጽና የነዋሪዎች አቤቱታ ነው። ሪፖርት ሳቀርብ የምጠየቀው ስንት ችግኝ እንደተተከለ ብቻ ነው። የዚህ ሙያ ዋና ሥራው ምንድን ነው? በድሬዳዋ የአየር ጠባይና የመሬት አቀማመጥስ ከየት ብጀምር ይሻላል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ የሙያ ባልደረቦችዎ በውስጣቸው ይዘውት የሚኖሩትን ጥያቄ በግልጽ ስላቀረቡ እናመሰግናለን። የችግኝ ቁጥር መጠየቁ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ወዲህ ቁጥሩ ብዙ ሰው ወደ ተከላ እንዲወጣ አነሣሥቷል። ይሁን እንጂ ችግኝ የሚያፈሉና የሚተክሉ ሌሎች ባለሙያዎች አሉ፤ የዕቅድ ባለሙያው ከእነርሱ የሚለይበት ሥራ መሬቱን ማስጠበቅ ነው። የደረቀ ችግኝ በሚቀጥለው ክረምት ይተካል፤ ለመናፈሻ የተከለለ መሬት ግን አንድ ጊዜ ለመኖሪያ ወይም ለመጋዘን ከተላለፈ ለማስመለስ ካሳ፣ ክርክርና የዓመታት ምልልስ ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ ሥራዎን በመሬት ይጀምሩ፣ ከመሬት ወደ ውኃ ይለፉ፣ ዛፉን በመጨረሻ ያስቡ ብዬ በሙሉ ልብ እመክርዎታለሁ።

መሬቱን ለማወቅ መነሻው ፕላኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ሁለት ዓይነት ፕላኖችን ይለያል፤ አንደኛው የመላውን ከተማ የመሬት አጠቃቀም የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላን ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድን አካባቢ በዝርዝር የሚያሳየው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ሁለቱንም ከነማብራሪያ ጽሑፋቸው አግኝተው ያንብቡ። በአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ሥፍራ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ክፍፍል እንደ መመዘኛ እንደሚያገለግል ሳያውቁ አይቀሩም። በዚህ መመዘኛ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። 30 በመቶው በወረቀት ላይ ተሟልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ የወንዝ ዳር፣ ገደላማ ቦታ፣ የመቃብር ሥፍራና የመንገድ አካፋይ ሁሉ አብሮ ስለሚደመር ነው። እነዚህ ሁሉ ጥቅም አላቸው፤ ሆኖም ሕፃን ኳስ የሚጫወትበት፣ እናት ከልጆቿ ጋር የምትቀመጥበት መሬት ከእነርሱ መካከል ስንት እንደሆነ ለይቶ ማወቅ የእርስዎ ተግባር ነው። ድምሩን ሲያቀርቡ ሁለቱን ለያይተው ያቅርቡ፤ እንደዚያ ሲሆን ውሳኔ ሰጪው የትኛው ሠፈር መጫወቻ እንዳጣ በአንድ እይታ ይረዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አድካሚ ቢሆንም በምንም አይተካም፤ ይኸውም በፕላኑ ላይ አረንጓዴ የተቀባውን እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት በአካል ሄዶ ማየት ነው። ጂፒኤስ፣ የፕላኑን ቅጂና የቀበሌውን ሰው ይዘው ይውጡ፤ የማዕዘን ነጥቦቹን ይለኩ፤ ችካል ካለ ይመዝግቡ፤ ቦታው ዛሬ በማን እጅ እንደሆነና ለምን እንደሚያገለግል ይጻፉ። የወረራ ምልክት ቀስ እያለ ስለሚመጣ ዓይንን ማስለመድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አንድ ገልባጭ መኪና የፍርስራሽ አፈር ይደፋበታል። ጠያቂ ሲጠፋ ድንጋይ ይከመራል፤ ከዚያም የጥበቃ ማደሪያ ተብሎ በላስቲክ የተሸፈነ መጠለያ ይቆማል፤ በዓል ወይም የሳምንት ዕረፍት ሲገጥም ደግሞ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ ይዞርበታል። አፈሩ በተደፋበት ዕለት የተጻፈ የአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚከለክለውን ነገር ቆርቆሮው ከዞረ በኋላ አንድ ግብረ ኃይል ላያስቆመው ይችላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ነገር ምዝገባው ነው። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ሲወጣ የብዙ ሰው ሐሳብ በግለሰቦች ይዞታ ላይ ነበር፤ ነገር ግን የመናፈሻና የክፍት ሥፍራ መሬትም ወሰኑ ተለክቶ በመንግሥት ይዞታነት ሊረጋገጥና ሊመዘገብ ይገባዋል። በአንድ ቀጠና የይዞታ ማረጋገጥ ሥራ ሲታወጅ ግለሰቦች ሁሉ ሰነዳቸውን ይዘው ይቀርባሉ፤ ለመናፈሻው ግን የሚቀርብለት ባለቤት ከሌለ ጎረቤቶቹ የየራሳቸውን ወሰን ሲያስለኩ እርሱ በመካከል እየጠበበ ይሄዳል። ያ ባለቤት እርስዎ ነዎት። የምዝገባውን መርሐ ግብር ተከታትለው በቀጠሮው ቀን ካርታዎን ይዘው ይገኙ።

አሁን ወደ ውኃው እንለፍ፤ ድሬዳዋን ከሌሎች ከተሞች የሚለያትም ይህ ነው። ባቡሩ ወደ ሐረር ከፍታ መውጣት ባለመቻሉ ከተማዋ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ በደረሰበት በተራሮቹ ግርጌ ተቆረቆረች፤ በስተ አንድ ወገን ቀጥ ያሉ መንገዶችና ጥላ ዛፎች ያሏት ከዚራ፣ በሌላው ወገን ጥቅጥቅ ያለችው መጋላ ሲያድጉ የደቻቱ ወንዝ በመካከላቸው ቀረ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። ውኃው የሚመጣው ከከተማው ሰማይ ሳይሆን በስተ ደቡብ ካለው ከደንገጎ ወገን ከፍተኛ ቦታ በመሆኑ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ከቤታቸው አፈናቅሏል። በድሬዳዋ የሚኖር የዕቅድ ባለሙያ ይህን ሌሊት ሳያስብ በወንዝ ዳር መስመር ሊያሰምር አይገባውም።

ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? የወንዙ ዳርቻ የከተማው አረንጓዴ ሥፍራዎች ዋና መተላለፊያ መሆን አለበት፤ ይኸውም ለውበቱ ብቻ ሳይሆን ውኃው በሚያስፈልገው ቦታ ሰው እንዳይኖር ለማድረግ ነው። ለኳስ ሜዳ፣ ለእግር መንገድና ለሳምንታዊ ገበያ የተተወ መሬት ጎርፍ ቢያልፍበት የሚጠፋው ጥቂት ነው፤ ጎርፉ ሲያልፍ ደለሉ ተነሥቶ ሥራው ይቀጥላል። በአንጻሩ ካፌ፣ መጸዳጃ ቤት ወይም የግንብ አጥር በዚያ መስመር ላይ ማቆም ገንዘብን ከመጣል አልፎ የሰው ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ዛፍም ቢሆን በውኃው መውረጃ ውስጥ አይተከልም፤ ግንዱ ጎርፉ ያመጣውን ቅርንጫፍና ቆሻሻ እየያዘ ውኃውን ወደ ሠፈር ሊመልሰው ይችላል። የዛፍ ቦታው ከጎርፍ መከላከያ ግንቡ በስተ ኋላ፣ በከፍታው ላይ ነው። ከዚህም ሌላ የላይኛው ተፋሰስ ካላገገመ የታችኛው መናፈሻ በሰላም አይኖርም። እርከን፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ ውስጥ የተደረደረ የድንጋይ ግድብ) እና ከሰውና ከከብት ንክኪ የተከለሉ ተራራዎች የሚገኙት በገጠር ቀበሌዎችና ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ ባሉ ወረዳዎች ስለሆነ፣ ከእነርሱ ጋር የጋራ ዕቅድ መያዝ የሥራዎ ክፍል መሆኑን ከወዲሁ ይቀበሉት። በተፋሰስ ላይ የተማሩት ትምህርት በከንቱ የማይቀረው እዚህ ላይ ነው።

እርስዎ የሚኖሩበት ሳቢያን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። የድሬዳዋ የመጠጥ ውኃ የሚገኘው ከከርሰ ምድር ሲሆን የሳቢያን ጉድጓዶች ለከተማው ለረጅም ጊዜ አገልግለዋል፤ ዙሪያቸው በመኖሪያ ቤትና በጉድጓድ መጸዳጃ ሲከበብ ውኃው መበከሉ አይቀርም። በጉድጓዶች ዙሪያ የሚከለል ጥብቅ አረንጓዴ ሥፍራ ጥላም፣ የመጠጥ ውኃ ጥበቃም ይሆናል። ጋራዥ፣ የነዳጅ ማደያና የቆሻሻ መጣያ ከዚያ እንዲርቁ በፕላን ማብራሪያ ውስጥ በግልጽ ያስጽፉ። አሸዋማውን መሬትም በአስፋልትና በንጣፍ ድንጋይ ሁሉ እንዳይሸፍኑት፤ ዝናቡ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው በእርሱ በኩል ነው።

ዛፉን በተመለከተ ነገሩ ከሚታሰበው በላይ ከበጀት ጋር የተያያዘ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የተከላው ወቅትም ያኔ ነው። ስለዚህ አንድ ችግኝ በሚያልቀው ዓመት ገንዘብ ተገዝቶ በሚጀምረው ዓመት ይተከላል፤ የሚጠጣው ውኃ ደግሞ በአዲሱ በጀት ካልተያዘለት ማንም የማይጠየቅበት ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለአንድ አዲስ ችግኝ በሳምንት 20 ሊትር ቢታሰብለት፣ 500 ችግኞች በሳምንት 10,000 ሊትር፣ ማለትም አንድ ትልቅ ቦቴ ውኃ ይፈልጋሉ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ 20 ሳምንት ያህል ስለሆነ ለመጀመሪያው በጋ ብቻ 20 ቦቴ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ከግንቦት ወዲያ ያለው ሐሩርም ገና አልተቆጠረም። ቦቴ፣ ነዳጅና ሾፌር ለ500 ብቻ የሚበቃ ከሆነ 500 ይትከሉ፤ 5,000 ተክሎ በመጋቢት የደረቀ እንጨት ከመቁጠር እጅግ ይሻላል። ሪፖርትዎም ላይ «የተተከለ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «በሁለተኛው ዓመት በሕይወት ያለ» የሚል ዓምድ ራስዎ ይጨምሩ። አለቃዎ ባይጠይቁትም ይሙሉት፤ ከጊዜ በኋላ መጠየቃቸው አይቀርም።

ስለ ዝርያ ምርጫ ባጭሩ ልጥቀስ። ኒም በዓመት ከ400 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ባለበት የሚበቅልና ሥሩን ወደ ጥልቅ የሚሰድ በመሆኑ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ለምታገኘው ድሬዳዋ ተስማምቷታል። በቀይ አበባው ከተማውን የሚያደምቀው የድሬዳዋ ዛፍ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው፤ ለሰፊ መናፈሻ ያማረ ነው፣ ሥሩ ግን ወደ ጎን ስለሚዘረጋና ቅርንጫፉ ስለሚሰበር ከጠባብ የእግረኛ መንገድና ከቤት ግድግዳ አጠገብ አይመከርም። ከአገር በቀሎቹ ሮቃና ቁርቁራ ሙቀቱን የሚችሉ፣ ሕዝቡም ፍሬያቸውን የሚያውቃቸው ናቸው። በፍጥነት ስለሚያድግ ብቻ የመጣን ዝርያ ግን ቆም ብለው ይመርምሩ። ዛሬ በአፋርና በምሥራቁ ቆላ የግጦሽ መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ የተባለ እሾሃማ ዛፍ ወደ አገራችን ሲገባ ከተፈላባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ በዚሁ በድሬዳዋ የጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደነበር በዘርፉ የተጻፉ ጥናቶች ያወሳሉ። ያመጡት ሰዎች በረሃን ለማልማት በቅን ልቡና ያሰቡ ነበሩ፤ ዋጋውን ግን አርብቶ አደሩ እየከፈለ ነው።

የከተማችንን የኑሮ ሰዓትም አይርሱ። በቀትር ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፤ መናፈሻ የሚሞላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በሌላ ከተማ የተነደፈ የመናፈሻ ንድፍ ለአምፖል የመጨረሻውን ገጽ ሊሰጠው ይችላል፤ እዚህ ግን መብራት፣ ከመንገድ የሚታይ መቀመጫና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ከአበባ መደቡ ይቀድማሉ። ሴቶችና ልጆች ከምሽቱ 2 ሰዓት ያለ ስጋት የማይቀመጡበት ቦታ ለግማሹ ነዋሪ እንደተዘጋ ይቆጠራል።

የጎደለዎት ትምህርት ጂአይኤስ (የካርታ መረጃን በኮምፒዩተር የማደራጀት ሥርዓት)፣ የመሬት ሕግና የመንግሥት በጀት አሠራር ነው፤ ሦስቱንም በሥራ ላይ ሆኖ መማር ይቻላል። ወደ ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል ከፈለጉ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በከተማ ፕላን፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የወንዶ ገነት ኮሌጅ ደግሞ በተፈጥሮ ሀብት መስክ የታወቁ ናቸው። የእርስዎ መሠረት ተፈጥሮ ሀብት ስለሆነ እኔ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦

«በድሬዳዋ በአንድ ቀበሌ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሜዳ በፕላን የመናፈሻ ቦታ እንደሆነ ለዓመታት ሲነገረን ኖሯል፤ ልጆቻችንም እዚያው አድገዋል። ሰሞኑን አንድ ግለሰብ ድንጋይ አስደፍቶ አጥር ጀምሯል፤ ስንጠይቀው ቦታው ተሰጥቶኛል ይላል። የሠፈሩ ወጣቶች አጥሩን እናፍርስ እያሉ ነው። እኛ ነዋሪዎች በሕግ ምን ማድረግ እንችላለን?»

መልስ፦

እመቤታችን፣ በመጀመሪያ ወጣቶቹን ያረጋጓቸው። አጥሩ ቢፈርስ ነገሩ ከመሬት ወረራ ወደ ንብረት ማውደም ክስ ይዞራል፤ ትክክለኛ የነበረው አቤቱታም በዚያው ይዳከማል። የሠፈሩ እድር ተሰብስቦ ሦስት ወይም አራት ሰዎችን ቢወክልና ጉዳዩ በጽሑፍ ቢያዝ ጉልበት ያገኛል።

ልታውቁት የሚገባው የመጀመሪያ ነገር የቦታው እውነተኛ ሁኔታ ነው። መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተደነገገ ስለሆነ፣ ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑና በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ በጽሑፍ እንዲገለጽላችሁ የፕላን ጉዳይን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። በዚያው ቀን የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጠው የሕንፃ ሹም ሌላ ደብዳቤ አስገቡ፤ ጥያቄው አጭር ይሁን፣ ለዚህ ግንባታ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም የሚል። ካልተሰጠ ግንባታው እንዲቆም ማዘዝ የእርሱ ሥልጣን ነው። ሁለቱንም ደብዳቤዎች በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ሳታስመቱ አትመለሱ። የቃል ተስፋ ሰጥተዋችሁ ብትመለሱ ከወር በኋላ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም። ሜዳውን ልጆች ሲጫወቱበትም፣ ድንጋዩ ሲደፋበትም የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከነቀኑ አያይዙ።

መልሱ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ፈቃድ የለም ከተባለ ጉዳዩ የደንብ ማስከበር ነው፤ ክትትል ብቻ ይጠይቃል። ቦታው በእርግጥ ተሰጥቷል ከተባለ ግን መጠየቅ ያለበት ፕላኑ መቼና በምን ሥርዓት እንደተለወጠ ነው፤ በከተማ የሚካሄድ ልማት ከጸደቀው ፕላን ጋር መጣጣም ስላለበት በአንድ ጽሕፈት ቤት ውሳኔ ብቻ መናፈሻ ወደ መኖሪያ አይለወጥም። ለውጡ ሕዝብ ሳይመክርበት የተደረገ ከሆነ ይህንኑ በአቤቱታችሁ ላይ አስፍሩ።

ሜዳው መታጠሩ አካባቢን የሚጎዳ መሆኑን ማሳየት ከቻላችሁ፣ ለምሳሌ የጎርፍ መውረጃ የሚዘጋ ወይም የቆሙ ዛፎች የሚያስቆርጥ ከሆነ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሌላ በር ይከፍትላችኋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ ደግሞ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቀኖቹን በጥንቃቄ ቁጠሩ፤ ብዙ ጥሩ አቤቱታ በዚህ ምክንያት ተሰናክሎ ቀርቷል።

ሜዳው ከተረፈላችሁ በኋላ ባዶውን አትተዉት። አስተዳደሩ ችካል እንዲተክልበትና ስሙን የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲያቆምበት ጠይቁ፤ በሠፈሩ በኩልም በዙሪያው ጥላ ዛፍ ተክሎ በየቤቱ ተራ ውኃ ማጠጣት ይቻላል። አገልግሎት እየሰጠ መሆኑ የሚታይ መሬት ላይ አፈር ለመድፋት የሚደፍር ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦

«በሐረር ኤረር በር አካባቢ የምኖር ወጣት ነኝ፤ በክልሉ የባህልና ቱሪዝም ሥራ ለመሰማራት አስባለሁ። ከጀጎል ግንብ ውጭ ያለው ክፍት መሬት ሣር ለብሶ፣ ፏፏቴና ደማቅ መብራት ገብቶለት ዘመናዊ መናፈሻ ቢሆን ይሻላል የሚሉ አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ? የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያስ በከተማ የዕቅድ ባለሙያ ሥልጣን ሥር ነውን?»

መልስ፦

ጀጎል 48 ሄክታር ገደማ ስፋት ይዞ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የተመዘገበው ግንቡ ብቻ አይደለም፣ ከተማው ከዙሪያው ጋር ያለው ግንኙነትም ዋጋ ተሰጥቶታል። ስለዚህ በግንቡ ዙሪያ ያለው መሬት ባዶ ነው ብሎ መጀመር አይገባም። መቃብር አለበት፣ የጓሮ አትክልት አለበት፣ ወደ በሮቹ የሚወስዱ የቆዩ መንገዶች አሉበት፤ በሌሊትም በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ የሚገቡት ጅቦች መመላለሻ ነው። ጅቡና ሐረሬው ለዘመናት ተግባብተው የኖሩበት ሥርዓት ቱሪስቱን ወደ ሐረር ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ሲሆን፣ ደማቅ መብራትና የታጠረ ሣር ግን መንገዳቸውን ይዘጋል፤ ጅቡ ሌላ መተላለፊያ ፈልጎ ወደ መኖሪያ ሠፈር ቢገባ ችግሩ የነዋሪው ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። ሐረር ለረጅም ዘመን ስትጠጣበት የኖረችው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ከተማዋ በጽኑ ጥም የተፈተነችበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሐይቁ በኋላ ውኃ ቢመለስበትም፣ እናቶች ጄሪካን ይዘው ወረፋ ባሳለፉባት ከተማ ሣር የሚያጠጣ ፏፏቴ ማቀድ ተገቢ አይመስለኝም። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ወይራና ዋንዛ ያለ ብዙ መስኖ ይይዛሉ። እነርሱም ቢሆኑ ከግንቡ ራቅ ብለው ይተከሉ፤ አጠገቡ የተተከለ ትልቅ ዛፍ በሥሩ መሠረቱን ይገፋል፣ ከውጭ የሚታየውን ገጽታም ይሸፍናል።

እኔ ብጠየቅ የማቀርበው ንድፍ የእግር መንገዶቹን በአካባቢው ድንጋይ ማስተካከል፣ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች አቅራቢያ ጥላና መቀመጫ ማዘጋጀት፣ መብራቱን ዝቅ ብሎ ወደ መሬት የሚያበራ ማድረግ፣ ቆሻሻውን በየዕለቱ ማንሣትና የቀረውን እንዳለ መተው ነው። መቃብር ያለበትን ቦታ በተመለከተ ከሃይማኖት አባቶችና ከቤተሰቦች ጋር ሳይመክሩ አንድ ችካል እንኳ አይተከልም። ቁፋሮ የሚያስፈልግ ከሆነም በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል፤ በጀጎል ዙሪያ ያለ አፈር ውስጡ ምን እንደያዘ ሳይታይ በኤክስካቫተር የሚነካ አይደለም።

የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ በከተማ አስተዳደር ሥር አይደለም። በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ውስጥ የሚገኝ፣ በ1962 ዓ.ም. የተከለለና ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት የተሰጠው መጠለያ ሲሆን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ብሔራዊ ፓርክ፣ መጠለያና ሌሎች የጥበቃ ሥፍራዎች በምን እንደሚለያዩ ለማወቅ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ን ያንብቡ። መስኩ የሚስብዎት ከሆነ የሥራ ማስታወቂያ የሚጠብቁት ከዚያ ባለሥልጣን ነው። ባቢሌን የሚያስጨንቁት ሠፈራ፣ የእርሻ መስፋፋትና የከብት ግጦሽ ናቸው፤ ከነዋሪ ጋር ስለ ወሰን መነጋገርን በከተማ የዕቅድ ሥራ የተለማመደ ሰው በዚያ ይፈለጋል።